ኮምቦልቻ ያየሁት ጭላዳ

ዛሬ ከሰዓት የእህቴን ልጆች ይዤ ኮምቦልቻ አንድ መዝናኛ ግቢ ገብቼ ነበር። ከጓሮ በኩል በፍርግርግ ብረት ቤት ውስጥ አንድ ወንድ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ። ጎፈሩና ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ግርማ አለው። ልጆቹ በደስታ ጮኹ፤ እኔ ግን ዓይኔ ከወለሉ አልነሳ አለ። ሲሚንቶ ነው፤ አንዲት ዘለላ ሣር የለበትም።

ጭላዳ በተፈጥሮ የሚኖረው በእኛ አገር ብቻ ነው። የደጋ እንስሳ ነው፤ እዚሁ ወሎ ቦረና ሳይንት ፓርክ ውስጥ በመንጋ ይኖራል። ምግቡ በአብዛኛው ሣር ነው፣ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ እየነጨ ሲበላ ይውላል። እዚህ ሰው ብስኩትና ሙዝ ይወረውርለታል። እሱ ግን ብስኩቱን ትቶ እጁን በብረቱ መሃል አሾልኮ ውጭ ያለውን ሣር ይነጫል። እጁ እስከሚደርስበት ድረስ መሬቱ ተመልጧል፤ ከዚያ ወዲያ ሣሩ ለምልሟል። ያዘዝኩት ሻይ አልወርድ አለኝ።

ትልቁ ልጅ «ጓደኞቹስ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ከልጆቹ ጋር ሣር ነጭተን ሰጠነው፤ ከእጃችን እየተቀበለ በላ። ጠባቂውንም አነጋገርኩት። ደግ ሰው ነው፣ ውኃውን ሳይሰለች ይቀይርለታል፤ ስለ ሣሩ ግን የነገረው የለም። ከነገ ጀምሮ አጭዶ ሊሰጠው ቃል ገብቶልኛል፣ አላህ ይስጠው። ብቸኝነቱን ግን ሣር አይፈታውም።

ወሎዬዎች፣ በዱር እንስሳት ጥበቃ የምትሠሩ ወይም ባለሙያ የምታውቁ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። ለመዝናናት የምትሄዱም ብስኩት አትወርውሩለት፤ ሣር ያዙለት።