ፒራሚዳሊስን ፍለጋ

በአናቶሚ ላብ አስከሬን ላይ የምናጠናውን የፊት ሆድ ግድግዳ ተገላገልኩ! የጎን ጡንቻዎቹ፣ ሁለቱ ኦብሊኮችና ትራንስቨርሰስ፣ ያን ያህል አያስቸግሩም፤ የፋይበራቸውን አቅጣጫ ገዛ ሆዳችሁ ላይ በእጃችሁ እያሳያችሁ ካጠናችሁ ፈተና ላይ አይጠፋችሁም።

ጊዜዬን የበላው ከሆድ ግርጌ ያለው ትንሹ ሦስት ማዕዘን ጡንቻ፣ ፒራሚዳሊስ ነው። ከፒዩቢክ ክረስት (የብልት አጥንት የላይኛው ጠርዝ) እና የግራና የቀኙ አጥንት ከሚገናኙበት ከሲምፊሲሱ ፊት ይነሳና ወደ ላይ እየጠበበ ሄዶ ሊኒያ አልባ (ሆድ መሃል ለመሃል የሚወርደው የጅማት መስመር) ላይ ያርፋል። ሬክተስ አብዶሚኒስ የሚባለውን ቀጥ ብሎ የሚወርድ የሆድ ጡንቻ በሚሸፍነው ሬክተስ ሺዝ ውስጥ፣ ልክ ከሬክተሱ ፊት ነው የሚተኛው። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ከአርኩዌት ላይን (ከእምብርት በታች የሺዙ የኋላ ግድግዳ የሚያበቃበት መስመር) በታች የሦስቱም የጎን ጡንቻዎች አፖኒውሮሲስ (ጠፍጣፋ ጅማት) በፊት በኩል ስለሚያልፍ ሽፋኑ ወፍራም ነው። ወፍራም ነው ብሎ ስካልፔሉን (የቀዶ ጥገና ምላጩን) የሚጫን ሰው ጡንቻውን ከሽፋኑ ጋር አንስቶ ይጥለውና “የለውም” ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከእምብርት በታች ስካልፔል ባይፈቀድ ደስ ይለኛል።

እኛ መቀስ ነው የተጠቀምነው። በግራ በኩል ከእምብርት ዝቅ ብሎ ሺዙን ትንሽ ከፍተን፣ መቀሱን ዘግተን እያስገባንና ውስጥ ከፈት እያደረግን ቀስ ብለን ወረድን። የሬክተስ ፋይበር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ታች ስንደርስ ግን ከላዩ ስስ ሆኖ በሰያፍ ወደ መሃል መስመር የሚያዘነብል ፋይበር ብቅ አለ። ያሳበቀው አቅጣጫው ነው። ደስ ብሎን ቀኙን ስንከፍት ምንም የለም! በዚያ በኩል የሬክተሱ የታችኛው ጫፍ ወፈር ያለ ነበር፤ ፒራሚዳሊስ ሲጠፋ የሚጠበቅ ነገር ነው።

ሦስት ዲ የአናቶሚ አፖቹን የማልወዳቸው ለዚህ ነው። አፑ ላይ ያለው ሰውዬ ሁልጊዜ ግራና ቀኝ እኩል አለው። እውነተኛ ሰው ላይ ግን ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ጭራሽ የለውም፤ አንዳንዱ በአንድ ወገን ብቻ፣ አንዳንዱ ደግሞ ድርብ ሆኖ ይገኝበታል። ስለዚህ የራሳችሁን ካዳቨር (የጥናት አስከሬን) ብቻ አይታችሁ አትውጡ፣ የሌሎቹንም ጠረጴዛ ዙሩ።

ሥራው ሊኒያ አልባን መወጠር ነው፤ ባይኖርም ባለቤቱ አይታወቀውም። ነርቩ ሰብኮስታል፣ ማለትም ቲ12 (12ኛው የደረት ነርቭ) ነው። “ታዲያ ምን ይጠቅማል?” ለምትሉ፣ ሰርጀኖች የታችኛውን ሆድ መሃል ለመሃል ሲከፍቱ ሊኒያ አልባን ያገኙበታል።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ሰው ኢንጉይናል ካናልን (በብሽሽት በኩል ያለውን መተላለፊያ) እስካሁን በሽምደዳ ብቻ ነው የያዝኩት። ግድግዳዎቹን በሥዕል ያጠናችሁ ካላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ።