የዳታቤዝ ዝርዝርን ወደ ጄሰን መቀየርና የመስመር መጨረሻ ጣጣ

በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ የተቀመጠን ረጅም የዕቃ ዝርዝር ወደ ጄሰን (ፕሮግራሞች ዳታ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ቀይሬ ለሌላ ፕሮግራም እንድልክ ተጠይቄ ነበር። ዝርዝሩን በሙሉ በአንድ ትልቅ አሬይ (የጄሰን ዝርዝር) ጠቅልሎ ከመላክ ይልቅ እያንዳንዱን ረድፍ ራሱን የቻለ ኦብጀክት አድርጌ፣ አንዱን በአንድ መስመር፣ ከዳታቤዙ እንደወጣ በስትሪም (በተከታታይ ፍሰት) መላክን መረጥኩ፤ እንዲህ ሲሆን ተቀባዩ የመጨረሻውን ረድፍ ሳይጠብቅ ሥራውን ይጀምራል።

ልወጣው ብዙ አላስቸገረም። የፓይተን የጄሰን ላይብረሪ ቀንና ዴሲማልን (የአስርዮሽ ቁጥርን) እንዳሉ ስለማይቀበል ሁለቱንም ወደ ጽሑፍ ቀየርኳቸው። ከ9,007,199,254,740,991 የሚበልጡ መለያ ቁጥሮችንም እንዲሁ አደረግኩ፤ ጃቫስክሪፕት ከዚያ በላይ ያሉ ሙሉ ቁጥሮችን ሳያዛባ ለመያዝ ዋስትና የለውምና።

ጣጣው የመጣው ከመስመሮቹ መጨረሻ ነው። ተቀባዩ ብዙ ረድፎችን በደንብ ካነበበ በኋላ ባዶ ጄሰን ደረሰኝ ብሎ ይቆማል፤ ስክሪን ላይ ግን ምንም እንከን አይታይም። ስክሪን ለእንዲህ ያለ ነገር ምስክር ስለማይሆን የሚመጣውን ዳታ ፋይል ላይ ገልብጬ ባይት በባይት አየሁት። ላኪው ዊንዶውስ ላይ ሆኖ ስትሪሙን በጽሑፍ መልክ ስለከፈተው፣ በየመስመሩ መጨረሻ ከባይት 10 (የአዲስ መስመር ምልክት) በፊት ባይት 13 (ዊንዶውስ የሚጨምረው የመስመር መመለሻ ምልክት) ተጨምሯል። የሚገርመው ይህ ብቻውን ጉዳት የለውም፤ ጄሰን ከኦብጀክቱ ውጭ ያለን ባይት 13 እንደ ክፍት ቦታ ቆጥሮ ያልፈዋል። የተሰበረው ግንኙነቱ እንዳይቋረጥ በየመሀሉ የሚላከው ባዶ መስመር ነበር፦ ተቀባዩ በባይት 10 ብቻ ስለሚቆርጥ፣ ባዶ የተባለው መስመር አንድ ባይት፣ 13ን፣ ይዞ ይቀርና እንደ ረድፍ ይነበባል።

የፓይተንን ስፕሊትላይንስ (ጽሑፍን በመስመር የሚከፋፍል ትእዛዝ) መጠቀም አቋራጭ መፍትሔ ይመስል ነበር፤ ሲሞከር ግን ሌላ ረድፍ ለሁለት ሰነጠቀ። አንድ የዕቃ መግለጫ ከሌላ ቦታ ተገልብጦ ሲገባ በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የቁጥር መለያ ሥርዓት) 2028 የተባለውን የመስመር መለያ ይዞ ኖሯል። ጄሰን ይህን ምልክት በጽሑፍ ውስጥ እንዳለ ይፈቅዳል፣ ስፕሊትላይንስ ደግሞ እንደ መስመር መጨረሻ ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ላኪው ባይት 10ን ብቻ እንዲጽፍ በግልጽ አዘዝኩት። ተቀባዩም የደረሰውን ባይት ያጠራቅማል፣ በባይት 10 ላይ ብቻ ይቆርጣል፣ ከጫፉ 13 ካለ ያነሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ከዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በባይት የሚጻፉበት ሥርዓት) ወደ ፊደል የሚቀይረው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ የኔትወርክ ንባብ መሀሉ ላይ ሊቆርጠው ይችላል፣ ከእነዚያ ባይቶች መካከል ግን አንዱም 10 ሊሆን አይችልም። ግንኙነቱ ሲዘጋ በባይት 10 ያልተዘጋ ቅሪት ከተገኘ እንደ ረድፍ አይነበብም፤ ስርጭቱ እንደተቋረጠ ተመዝግቦ ዝርዝሩ ከመጨረሻው ሙሉ ረድፍ በኋላ እንደገና ይጠየቃል።