ስም፣ ሰዓት፣ ሰፈር

በ1977 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። የትምህርት ቤቶች የሩጫ ውድድር ተካሄደ። ውጤቱን በአንድ ገጽ ጻፍኩና ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ ለአንድ ጋዜጣ ላክሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አራት መስመር ሆኖ ወጣ። የእኔ ስም አልነበረበትም። አንደኛ የወጣችው ልጅ ስም ግን ነበረ። ጋዜጣውን ይዤ ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ ተሻሙበት። ልጅቷ እጇን ዘርግታ ስሟን በጣቷ ነካችው። የዚያን ዕለት ሥራዬ ምን እንደሆነ አወቅሁ።

ከዚያ በኋላ 35 ዓመት ለጋዜጣ ስፖርት ጻፍኩ። ማስተማሩን ትቼ ሙሉ በሙሉ ወደ ጋዜጠኝነት የገባሁት ዘግይቼ ነው። ብዕሬን ያስቀመጥኩት በ2012 ነው። ሰው ስፖርት ጋዜጠኛ ሲባል ስታዲየም ውስጥ የክብር ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው ይመስለዋል። እኔ አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የትምህርት ቤት ሜዳ ዳር፣ አውቶቡስ ውስጥና የቴሌ ወረፋ ላይ ነው።

ስጀምር ጊዜው ለአትሌቲክስ ጥሩ አልነበረም። ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ካመጣ በኋላ ኢትዮጵያ በሎስ አንጀለስም በሴኡልም ኦሎምፒክ አልተካፈለችም። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ እስክታሸንፍ፣ ማለትም እስከ ነሐሴ 1984 ድረስ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የኦሎምፒክ ወርቅ የሚባል ነገር አላየንም። እኔ የምጽፈው ግን ነበረኝ። ደነባ፣ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ፣ ሸዋ ሮቢት፣ የትም ብትሄድ የሚሮጥ ልጅ አይጠፋም። ደብረ ብርሃን ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ታኅሣሥ ላይ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ልጆቹ በዚያ ላይ በባዶ እግር ይሮጣሉ። እኔ ጋቢዬን ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ እጽፋለሁ። ጣቴ ስለሚደነዝዝ እስክሪብቶ ትቼ እርሳስ መያዝ ጀመርኩ። በብርድ ቀለም አይወርድም፣ እርሳስ ግን አይከዳም።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሁልጊዜ ሦስት ዓምድ አሰምር ነበር፤ ስም፣ ሰዓት፣ ሰፈር። ያወቅሁት ሁሉ በእነዚህ ሦስት ዓምዶች ውስጥ ነው ያለው።

ከሰፈር ልጀምር። ሰፈር መጻፍ ያስተማረኝ አበበ ቢቂላ ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው ጳጉሜን 5፣ 1952 ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው። እኔ ሕፃን ነበርኩ፣ ወሬውን የነገረኝ አባቴ ነው። ሮምን ሁሉም ያውቃታል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና 40 ቀን ገደማ ሳይሞላው ድጋሚ ያሸነፈባትን ቶኪዮንም ሁሉም ያውቃታል። የተወለደባትን ጃቶን ግን ስንት ሰው ያውቃል? ያኔ በደብረ ብርሃን ወረዳ ሥር የነበረች ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ተማሪዎቼን ስጠይቃቸው "አዲስ አበባ ነው የተወለደው" ይሉኝ ነበር። አጠገባቸው መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጥ ነበር። ስለዚህ አንደኛ የወጣ ልጅ ሁሉ ከስሙ ቀጥሎ መንደሩ እንዲጻፍለት ታገልኩ። አዘጋጆች ቦታ ሲጠባቸው መጀመሪያ የሚቆርጡት እሱን ነበር። በየጊዜው እየደወልኩ እንዲመልሱት ለመንኩ። ግማሹን ጊዜ ተሳካልኝ።

ሰዓት ላይ ደግሞ ብዙ ተምሬያለሁ። በ1983 ዓ.ም. አንድ ውድድር ላይ አንድ ጎረምሳ 10 ኪሎ ሜትሩን በ27 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ገባ ተባለ። ሕዝቡ በጭብጨባ ቀለጠ። የሜዳ 10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ያኔ 27 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነበር። እዚህ ከፍታ ላይ፣ በኮረኮንች መንገድ፣ ልጁ የዓለም ክብረ ወሰን ጥግ ደረሰ ማለት ነው። ዜናውን ለመላክ ቴሌ ወረፋ ይዤ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ወጣሁ። አልላክሁትም።

በማግስቱ ከአንድ የግንባታ መሥሪያ ቤት ባለ 50 ሜትር መለኪያ ተዋስኩ። ሁለት ተማሪዎች ይዤ መንገዱን ከመነሻው እስከ መድረሻው ለካሁት። ግማሽ ቀን ፈጀብን። መለኪያውን 184 ጊዜ ዘረጋነው። 9 ኪሎ ሜትር ከ200 ሜትር ሆነ። አዘጋጆቹ ርቀቱን የለኩት በመኪና ቆጣሪ ነበር። ልጁ የሮጠው ታዲያ አንዱን ኪሎ ሜትር ልክ በ3 ደቂቃ ነው። ይህ በደብረ ብርሃን ከፍታ እጅግ ድንቅ ሩጫ ነው! እኔም የጻፍኩት ይህንኑ ነው፤ እውነተኛውን ርቀት፣ እውነተኛውን ሰዓት፣ ከፍታውንም ጭምር። የውድድሩ ሰዎች ተቀየሙኝ። ልጁ ግን ማንም "ውሸት ነው" የማይለው ውጤት ኖረው። ርቀቱ ያልተለካ ሩጫ ሰዓቱ ዋጋ የለውም። አንድን ልጅ ባልሮጠው ሰዓት ማሞገስ እሱን መጉዳት ነው። ሌላ ቦታ ሄዶ ያንን ሰዓት ሲያጣው አታላይ ይሉታል።

አሁን ወደ ስም ልምጣ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል።

በዚያ ዘመን ዜና የምንልከው በስልክ ነበር። ቴሌ ትሄዳለህ፣ ተራ ትይዛለህ፣ መስመሩ ሲገኝ ትገባና እየጮኽክ ታነባለህ። አዲስ አበባ ያለው ሰው እየሰማ ይጽፋል። ከበበን ደበበ፣ ታደሰን ታደለ ብሎ ይሰማል። እኔ ፊደሉን ሳይቀር አስይዝ ነበር። "ሐመሩ ሐ፣ ሃሌታው ሀ አይደለም! ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ አይደለም!" ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው በር ይደበድባል።

በ1988 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ማታ መስመሩ ሲቆራረጥ፣ ወረፋውም ረጅም ሲሆን፣ ስሞቹን አንድ ጊዜ ብቻ አንብቤ ወጣሁ። መልሰህ አንብብልኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደክሞኝ ነበር። 3,000 ሜትር ያሸነፈችው ልጅ የአባቷ ስም ተሳስቶ ወጣ። የተሳሳተው አንድ ፊደል ብቻ ነው።

ልጅቷ ጋዜጣውን ቆርጣ በላስቲክ ጠቅልላ አስቀመጠችው። ሌላ ማስረጃ አልነበራትም። ውጤት በኮምፒዩተር የሚታይበት ጊዜ አልነበረም። የምስክር ወረቀትም አልተሰጣትም። ከወራት በኋላ አንድ ክለብ አትሌት እየመለመለ ነው ሲባል ቁራጩን ይዛ አዲስ አበባ ሄደች። መታወቂያዋን አዩ፣ ጋዜጣውን አዩ። "ይህቺ አንቺ አይደለሽም" አሏት። ሳያስሮጧት መለሷት።

እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ጋዜጣው ማረሚያ እንዲያወጣ አደረግሁ፤ በመጨረሻው ገጽ፣ ሦስት መስመር። ያን ይዤ ወላጆቿ ቤት ሄድኩ። ከመኪና መንገድ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ የእግር መንገድ ነው። አባቷ ዝተት አንጥፈው አስቀመጡኝ። ጠላ ቀረበ። ማረሚያውን አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ ስሜን አሁን በትክክል ጻፍከው?" አሉኝ። "አዎ አባቴ" አልኩ። "እግዜር ይስጥህ። እሷ ግን ተድራ ሄዳለች" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ዜና ስሙ ተመልሶ ሳይነበብልኝ ስልክ አልዘጋሁም። ኢሜይል ከመጣ በኋላም ስሙን ከመታወቂያ ላይ እያየሁ ነበር የምገለብጠው። ወጣት ባልደረቦቼ አብዝተኸዋል ይሉኝ ነበር። ላስረዳቸው ሞክሬያለሁ። የአዲስ አበባ ትልቅ ተጫዋች ስሙ ቢሳሳት በማግስቱ መቶ ሰው ያርመዋል። የገጠር ልጅ ስም ሲሳሳት የሚያርመው የለም።

ከሬዲዮ ጋር ስለነበረን ነገርም ልንገራችሁ። በታኅሣሥ 1980 ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ነበርኩ። ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ከተማው ሁሉ ጨዋታውን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ደምሴ ዳምጤ በሬዲዮ ነግሯቸዋል። እያንዳንዱን ምት በእሱ ድምፅ ይደግሙልኛል። ታዲያ እኔ ምን ልጻፍ? አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። መለያ ምቱ ሲጀመር ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው የሕዝቡን ፊት ብቻ እያዩ ነበር። ጎል መግባቱንም መሳቱንም ያወቁት ከሰው ፊት ነው። የጻፍኩት ስለ እሳቸው ነው። ካገኘኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የበዙት በዚያ ጽሑፍ የመጡት ናቸው። ውጤቱን ሌላው ቀድሞ ከነገረው፣ አንተ ሌላው ወዳላየበት ተመልከት።

እንዲህ የምታስብ ከሆነ ሁለተኛ የወጣን ሰው አትንቅም። የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጅ የሆነችው ጌጤ ዋሚ ሴቪያ ላይ በነሐሴ 1991 በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ሁሉም ጻፈላት። ሲድኒ ላይ ከደራርቱ ቀጥላ ብር ስታገኝ ደግሞ ስሟ የደራርቱ ዜና ጭራ ሆነ። ያን ቀን ደብረ ብርሃን ሻይ ቤት ውስጥ ሆኜ በሬዲዮ ነበር የተከታተልኩት። በአምስት ቀን ልዩነት በ5,000 ነሐስ፣ በ10,000 ብር። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል።

የበለጠ ያንገበገበኝ ግን የ2000 ዓ.ም. ነው። መስከረም 19 በርሊን ላይ ማራቶን አሸነፈች። ጥቅምት 24 ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ሌላ ማራቶን ሮጣ፣ ፓውላ ራድክሊፍ በ23 ሰከንድ ቀደመቻትና ሁለተኛ ሆነች። ከአዲስ አበባ የመጣልኝ ትእዛዝ "ሁለተኛ ወጣች በል፣ አጭር ይሁን" የሚል ነበር። ደወልኩ። "በሁለቱ መካከል ያለው 35 ቀን ነው" አልኩት። "እና?" አለኝ። ማራቶን የሮጠ ሰው እግሩ እስኪያገግም ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አስረዳሁት። በዚያ ሁለተኛነት የታላላቅ ማራቶኖችን የሁለት ዓመት አጠቃላይ አሸናፊነትና ግማሽ ሚሊዮን ዶላር እንደወሰደች ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ "እሺ፣ ግማሽ ገጽ ውሰድ" አለኝ። በሥራ ዘመኔ ከአለቃ ጋር ተከራክሬ በማሸነፌ ከሁሉ በላይ የምደሰተው በዚህ ነው።

የተሸነፍኩበትም አለ። በ2005 ብሔራዊ ቡድናችን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲጫወት፣ ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት መሰለፍ ያልነበረበት ተጫዋች ከቦትስዋና ጋር ተሰልፎ ሦስት ነጥብ አጣን። ሁሉም ሌላውን ወቀሰ። እኔ ደብተሬን ገለጥኩ። ጎሎቹ አሉ፣ ደቂቃዎቹ አሉ። ካርዶቹን አልመዘገብኳቸውም። በሥራው ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ አራተኛ ዓምድ ጨመርኩ።

ገንዘብን በተመለከተ አጭር ነው የምናገረው። ቡድን ሊዘግብ የሄደ ሰው ከቡድኑ ፖስታ መቀበል የለበትም። ምሳ ጋብዘውኝ አውቃለሁ፣ ሒሳቡን ራሴ ከፍያለሁ። ደመወዜ ትንሽ ነበር፣ ባለቤቴ በዚህ ተጎድታለች። እሷ ሱቋን ባትከፍት ኖሮ ይህን ያህል ጊዜ አልቆይም ነበር። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም።

አሁን ቤት ውስጥ 41 ደብተር አለኝ። ሦስቱን ዝናብ አበላሽቷቸዋል። ሁለት ወጣቶች፣ አንዷ የስፖርት መምህርት ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ገጾቹን በስልክ ፎቶ ያነሳሉ። ከዚያ በኮምፒዩተር ይጽፏቸዋል። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ የማይነበበውን አነብላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት 1988 ደረሱ። መምህርቷ አንዱ ስም ላይ ቆም አለችና "ጋሼ፣ ይኼ ለምንድነው በቀይ የተከበበው?" አለችኝ። ታሪኩን ነገርኳት። ስሙን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፣ ከዚያ ጻፈችው።