ድሬዳዋ ላይ የግንባታ ቅጣት ሲመጣ፦ ከብሩ በፊት ሜትሩ

ከግንባታ ፈቃድ ክፍል ወይም ከደንብ ማስከበር የሚመጣ ወረቀት አንድ ገጽ ቢሆንም ውስጡ ሦስት ጉዳይ ሊኖር ይችላል፦ ሥራ አቁም፣ ቅጣት ክፈል፣ የተሠራውን አስተካክል ወይም አፍርስ። ዓይን የሚያርፈው ግን ብሩ ላይ ነው። ባለቤቱ ይከፍልና ደረሰኙን ኪሱ ከቶ፣ ነገሩ ያለቀ መስሎት በማግስቱ ግንበኞቹን ይጠራል። ሁለተኛው ወረቀት ያኔ ይመጣል፤ ይኸኛው ጥፋት ደግሞ የማስቆሚያ ትዕዛዝ መጣስ ነው፣ ከፊተኛውም ይከብዳል። ቅጣት መክፈል ማስቆሚያውን አያነሳም። ያለ ፈቃድ የተሠራውንም ሕጋዊ አያደርገውም።

ስለዚህ ወረቀቱን ስትይዙ መጀመሪያ የተጠቀሰውን ሕግ ቁጥር ፈልጉ። አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወይም ደንብ ቁጥር 243/2003 ከተባለ ጉዳዩ የሕንፃ ሕግ ነው፤ ክርክሩም በፈቃድ፣ በፕላንና በሕንፃ ሹም (ግንባታ የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው ኃላፊ) ዙሪያ ይሽከረከራል። ሊዝ ከተጠቀሰ (አዋጅ 721/2004) ችግሩ ቤቱ ሳይሆን መሬቱ ነው፤ የሕንፃ ፕላን ይዛችሁ ብትከራከሩ ሰሚ የላችሁም። አሸዋና ብሎኬት መንገድ ላይ አራግፋችሁ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የደንብ ማስከበር ነው፣ ከእነሱ ጋር ያልቃል። ቁጥር የሌለበት ወረቀት ከደረሳችሁ «በየትኛው ሕግ፣ በየትኛው አንቀጽ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ይህ ክርክር አይደለም፣ መብት ነው፤ መልሱ ሳይኖር የሚጻፍ ቅሬታ በጨለማ ድንጋይ እንደመወርወር ነው።

ቀጥሎ የሚለየው የጥፋቱ ዓይነት ነው። ያለ ፈቃድ መሥራትና ፈቃድ ኖሮ ከፕላን መውጣት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በተሻሻለ ፕላን ሊስተካከል ይችላል፤ አርክቴክቱ ቤቱ አሁን ያለበትን የሚያሳይ ፕላን (አዝ ቢልት) ያነሳል፣ ለውጡ ከሴትባክ (ቤቱ ከወሰኑ ሊርቅ የሚገባው ርቀት) እና ከከፍታ ገደብ ካላለፈ ለማጽደቅ ይቀርባል። የመጀመሪያው ግን ከዜሮ ይጀምራል።

ድሬዳዋ ላይ ከፕላን የሚያስወጡን ነገሮች የታወቁ ናቸው፣ አብዛኞቹም ሙቀቱ የወለዳቸው። ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ በረንዳ በቆርቆሮ የማይዘረጋ ቤት ጥቂት ነው። ያች ጥላ ግን ሴትባኩን ትበላለች። ሌላው ሮቶ ነው። ባለ 2,000 ሊትሩ ሲሞላ ውኃው ብቻ 2 ቶን ይመዝናል። ስትራክቸራል ፕላኑ ላይ ያልታሰበ ጭነት ሶሌታው መሀል ሲቀመጥ ተቆጣጣሪው ቢጽፍባችሁ አይፈረድበትም። ሦስተኛው ፎቅ መጨመር ነው። በሕንፃ አዋጁ (624/2001) እስከ ጂ ፕላስ 1 የሆነ መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ» ነው፤ ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ የወጣ ሕንፃ ግን ምድብ «ሐ» ይገባል። ባለ 3 ሜትር ፎቅ የሆነ ጂ ፕላስ 3 በራሱ 12 ይሞላል፣ ፓራፔት (የጣሪያው ዳር አጭር ግንብ) ሲጨመርበት ያልፋል። ምድብ ሲለወጥ የባለሙያውና የተቋራጩ ደረጃ፣ የሚቀርበውም ሰነድ አብሮ ይለወጣል። «አንድ ሜትር ብቻ ነው የጨመርኩት» የማያስኬደው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሜትሩ። ከቅጣት ክርክር ውስጥ የሚያሸንፈው የልኬት ክርክር ነው፤ «ድሃ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ» ርኅራኄ ያስገኝ ይሆናል እንጂ ውሳኔ አያስለውጥም።

ሴትባክ የሚለካው ካርታው ላይ ካለው ወሰን እንጂ ከአጥሩ አይደለም። አጥር የሚቆመው በግንበኛ ግምት ነው፤ ባለ 20 ሳንቲም ብሎኬት በሁለት ወገን ሲለሰን ወደ 25 ሳንቲም ይጠጋል። መሀሉ ወሰኑ ላይ ነው ወይስ ሙሉ በሙሉ ወደ እናንተ ገብቷል? ይህ ብቻ ተከሳሹን ነፃ ሊያወጣ ይችላል፣ ነፃ የመሰለውንም ሊያስከስስ። የቦታውን ቅርጽ ለማረጋገጥ ሰያፉን፣ ማለትም ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለውን፣ ለኩ። 15 በ20 የሆነ ቦታ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ከሆነ ሰያፉ ልክ 25 ሜትር ይመጣል፤ አንዱ ሰያፍ 25.40፣ ሌላው 24.60 ከሆነ ቦታችሁ ተንጋዷል፣ ሴትባኩም በአንድ ጫፍ ይሰፋል በሌላው ይጠባል። ተቆጣጣሪው የለካው በጠባቡ ጫፍ ብቻ እንደሆነ እዩ።

ክርክሩ በ40 ሳንቲም ላይ ከሆነ የስልክ ጂፒኤስ አትጥቀሱ፤ ጥቂት ሜትር ይስታል፣ መሳቂያ ያደርጋችኋል። ቶታል ስቴሽን (የቅየሳ መሣሪያ) ያለው ቀያሽ አምጡ። ካርታው የቆየ ከሆነ የወሰን ነጥቦቹ በየትኛው የኮኦርዲኔት ሲስተም (በድሮው አዲንዳን ወይስ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ደብሊው ጂ ኤስ 84) እንደተሰጡ ይጠይቅ። በአዲንዳን የተሰጠ ነጥብ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ከተነበበ 200 ሜትር ገደማ ይሸሻልና ቤታችሁ ጎረቤት ሰፈር ሄዶ ይታያል።

ቅጣቱ በካሬ ሜትር ተሰልቶ ከሆነ ስፋቱን ራሳችሁ አስሉ። ከቤቱ ጋር የተያያዘ 4 በ6 በረንዳ 24 ካሬ ነው። ጣሪያው ግን በሦስቱ ክፍት ጎኖች 60 ሳንቲም ከወጣና ልኬቱ ከቆርቆሮው ጫፍ ከተወሰደ 4.60 በ7.20 ይሆናል፣ 33.12 ካሬ። የ9 ካሬ ልዩነት ማለት ነው። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው ወረቀቱ የጠቀሰው ደንብ ነው፤ እናንተ ግን ሁለቱንም ቁጥር ይዛችሁ ግቡ። ፎቶ ስታነሱ ሜትሩ ተዘርግቶ፣ ቁጥሩ እየተነበበ፣ ግድግዳውም የወሰን ድንጋዩም በአንድ ምስል ይግቡ።

በልኬት የማይመለስ ጉዳይም አለ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ወይም ሌላ የጎርፍ መውረጃ ላይ የተሠራ ነገር ካላችሁ ለክርክር ጊዜና ገንዘብ አታባክኑ። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ የወንዝ ዳር ክልከላን የሚያላላ ኃላፊ ቢገኝ እንኳ ሊያስፈራችሁ ይገባል። ሐረር ላይ ቤት ያላችሁም እንዲሁ፦ ጀጎል ከዚያው 1998 ጀምሮ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው፤ ግንቡ ውስጥ የሚነካ ግድግዳ ከግንባታ ፈቃዱ ሌላ የቅርስ አዋጅ (209/1992) ይመለከተዋል። ከግንብ ውጭ የሚሠራ መከራከሪያ እዚያ ውስጥ አይሠራም።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ይብቃው። «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ላይ የወረቀቱን ቁጥርና ቀን ጻፉ፤ ቀጥሎ የደረሳችሁበትን ቀን (የቅሬታ ቀን የሚቆጠረው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው)፣ የተቃወማችሁትን ነጥብ በቁጥር፣ በመጨረሻም የምትጠይቁትን፦ ቅጣቱ ይሰረዝ፣ ይቀነስ፣ ወይም በባለሙያ በድጋሚ ይለካልኝ። የመጨረሻው የተሻለ ዕድል አለው፤ ኃላፊው ማንንም ሳይኮንን ሊፈቅደው ይችላልና። «በስህተቴ ይቅርታ እንዲደረግልኝ» የሚል ሐረግ ግን ከክርክር ጋር አታደባልቁ። ጥፋት ማመን ሆኖ ፋይላችሁ ውስጥ ይቀመጣል፣ ነገ ቦርድ ፊት ይነበብባችኋል። ድሬ ውስጥ አንቱታ ባይወደድም ማመልከቻ ላይ ግን ቦታ አለው።

ካርታ፣ የጸደቀ ፕላን፣ የፈቃድ ወረቀትና የቀያሹን ሪፖርት አያይዙ። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ፤ በእጃችሁ የሚቀረው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ይደረግበት። ያለ ገቢ ቁጥር ለኃላፊ በእጅ የተሰጠ ማመልከቻ እንዳልተሰጠ ቁጠሩት። ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ ውክልናው ስለ ቤቱ ማስተዳደር ብቻ የሚናገር እንዳይሆን፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅሬታ የማቅረብና በፍርድ ቤት የመከራከር ሥልጣን በግልጽ ይጻፍበት።

የሕንፃ ሹሙ ውሳኔ ካልጣማችሁ አዋጁ ወደ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ የሚወስድ መንገድ ከፍቷል። ከዚያ በላይ ከሄደ ድሬዳዋ በቻርተሯ (አዋጅ 416/1996) የራሷ የከተማ ነክ ጉዳዮች ፍርድ ቤት አላት። ቀነ ገደቡ ሳያልፍ የጽሑፍ ውሳኔ መጠየቅ የእናንተ ሥራ ነው፤ በቃል «አይሆንም» በተባለ ነገር ላይ ይግባኝ ማለት ይከብዳል። ክርክሩ እየታየ ሳለም ሥራው ይቁም። በሌሊት የተሞላ ሶሌታ የያዛችሁትን ጥሩ መከራከሪያ ሁሉ ያበላሻል።

ለመክፈል ከወሰናችሁ መጀመሪያ የክፍያ ትዕዛዝ በስማችሁ ይቆረጥ። ቤቱን ገዝታችሁ ስም ካልዞረ ወረቀቱ በሻጩ ስም ሊመጣ ይችላል፤ ደረሰኙም በእሱ ስም ከተቆረጠ ኋላ ስታዛውሩ ያጨቃጭቃል። በባንክ ከገባ ስሊፑ ብቻ አይበቃም፣ ወስዳችሁ በመሥሪያ ቤቱ የገቢ ደረሰኝ ቀይሩት። ደረሰኝ የማይቆርጥ «ጉዳይ አስፈጻሚ» የከፈላችሁለት ቅጣት ፋይል ውስጥ የለም። ከዚያ ደረሰኙን ኮፒ አድርጋችሁ በሌላ አጭር ማመልከቻ «እገዳው ይነሳልኝ» ብላችሁ አስገቡ። ፋይሉ ላይ እገዳ ከተመዘገበ በራሱ አይነሳም፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ቤቱን ሊሸጥ ወይም ለባንክ ሊያስይዝ ሲሄድ ነው። እገዳው የተነሳበትን ደብዳቤ ከካርታው ጋር አስቀምጡት።