በጳጉሜን በኩል ወደ ኦፕን ሶርስ የገባሁበት መንገድ

ሶፍትዌር ምህንድስናን በኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለማንም ክፍት በሆነ) ፕሮጀክቶች ተሳትፎ መማር ለሚፈልግ ሰው በየቦታው የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «ጉድ ፈርስት ኢሹ» (ለጀማሪ የሚሆን ሥራ) የሚል መለያ ከተለጠፈባቸው ሥራዎች ጀምር፣ የፊደል ግድፈት አርም፣ ቀስ በቀስ ታድጋለህ ይባላል። እኔ ይህን ምክር አልቀበለውም። መለያ የተለጠፈበት ሥራ ገና ከመውጣቱ ከየአገሩ ሰው ይረባረብበታል፤ የፊደል ግድፈት ማረምም ጊትን (የኮድ ለውጦች የሚመዘገቡበትን መሣሪያ) ያለማምድ እንደሆነ እንጂ ምህንድስና አያስተምርም። ከፕሮጀክቱ ባለቤቶች ይልቅ እናንተ የምታውቁትን ጉዳይ ፈልጉ። ለእኔ ያ ጉዳይ ጳጉሜን ነበረች።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ሳፈላልግ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አነስተኛ ሲስተም እሠራ ነበር። ቀን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው ለመለወጥ የተጠቀምኩበት ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያቀረቡት ዝግጁ ኮድ) ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን «የሌለ ቀን» ብሎ መለሰልኝ። ኮዱን ከፍቼ ስመለከት፣ ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪ ሳይኖረው ሲቀር እንደሆነ ተደርጎ ተጽፏል። በእኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜን 6 የምትሆነው ቀሪው 3 ሲሆን፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ላይ ነው። ፎርክ አድርጎ (የራስን ቅጂ ወስዶ)፣ ብራንች (ለለውጡ የተለየ ቅርንጫፍ) ከፍቶ፣ ያንን መስመር አስተካክሎ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበሉ የሚል ጥያቄ) መላክ የአንድ ከሰዓት ሥራ ሆነ።

መከራው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ግምገማውን የያዘው ሰው በትሕትና ካመሰገነኝ በኋላ ስሌቱን በሙሉ በአንድ ቀላል ደንብ እንድተካው ጠየቀ፤ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ ከሆነ ደግሞ 12 ነው፣ ከዚያ ወዲያ ቀኖቹን መቁጠር ብቻ ነው አለ። ማስረጃ ብሎ ያቀረበውም የአንድ የጉዞ ወኪል ገጽ ነበር። በዚህ አቆጣጠር ተወልጄ ያደግሁ መሆኔን ብነግረው «የተጻፈ ምንጭ ይኑርህ» የሚል መልስ ሰጠኝ። ዛሬም ሳስበው ያበሳጨኛል፤ ከእኔ ምንጭ የሚፈልግ ሰው የራሱን ምንጭ ከአስጎብኚ ገጽ መቅዳቱ አይዋጥልኝም።

ደንቡ ግን ለእኛ ዘመን ብቻ የሚሠራ ነው። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1900 የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ሲዘል የእኛው በየአራት ዓመቱ መጨመሩን ስለቀጠለ፣ ከዚያ በፊት መስከረም 1 የሚውለው ከዛሬው አንድ ቀን ቀድሞ ነበር፤ በ2100ም እንዲሁ አንድ ቀን ይገፋል። ይህን በረጅም አንቀጽ ባስረዳው «በጣም ሩቅ ለሆኑ ቀኖች ኮዱን ማወሳሰብ አያስፈልግም» አለኝ። ክርክሩን ትቼ አንድ ቴስት (ኮዱ ትክክለኛ ውጤት መስጠቱን የሚፈትሽ አጭር ኮድ) ጻፍኩ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ሲለወጥ ማርች 1 ቀን 1896 ሊሆን ይገባል፣ የአድዋ ድል ቀን ነውና። በእሱ ደንብ ውጤቱ ማርች 2 ይመጣል። በዓሉን ዛሬ ማርች 2 ላይ ስለምናከብር ብዙ ሰው ይህን ልዩነት ልብ አይለውም፤ ቴስቱ ግን ወድቆ፣ ቀይ ሆኖ ቁጭ አለ። የታሪክ መጻሕፍት ሁሉ የሚመሰክሩለት ቀን ስለሆነም ምንጭ አምጣ የሚለው ጥያቄ እዚያው አበቃ።

ነገሩ ግን አላለቀም። መጀመሪያ ኮሚቶቹን (የተመዘገቡትን ለውጦች) ወደ አንድ አጠቃልል፣ ከዚያ ሪቤዝ አድርግ (ለውጥህን በአዲሱ ዋና ኮድ ላይ አስቀምጥ) ተባልኩ፤ ቀጥሎም ከእኔ ለውጥ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የዊንዶውስ ቴስት ወድቆ እኔ እንዳስተካክለው ተጠበቀ። ያንን ጨርሼ ለሳምንታት መልስ ስጠባበቅ፣ ዝም የተባሉ ፑል ሪኩዌስቶችን የሚጠርገው ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) «እንቅስቃሴ የለም» ብሎ ዘጋብኝ። ዝም ያሉት እነሱ፣ የተቀጣሁት እኔ! የፕሮጀክቱ መመሪያ በተዘጋ ሥራ ላይ ገምጋሚዎችን በስም እየጠራችሁ አታስቸግሩ ይላል። እኔ ሌላ ሜንቴይነር (ፕሮጀክቱን ከሚያስተዳድሩት አንዱን) በስም ጠርቼ፣ የአድዋውን ቴስት ብቻ ለጥፌ፣ አሁን ባለው ኮድ እንደሚወድቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩለት። እሱም በማግሥቱ ከፍቶ፣ የመጀመሪያውን ስሌቴን ሳይነካ ሜርጅ አደረገው (ከዋናው ኮድ ጋር አዋሐደው)።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ማስተካከያውን ከመላካችሁ በፊት የሚወድቀውን ቴስት ለብቻው ላኩ። ኮድ የጣዕም ክርክር ያስነሳል፣ እንግሊዝኛችሁም ከገምጋሚው እንግሊዝኛ ጋር ይመዘናል፤ የወደቀ ቴስትን ግን ማንም በአነጋገር ብልጫ አያሸንፈውም። ወደ አንድ ፕሮጀክት ከመግባታችሁ በፊትም መመሪያውን ትታችሁ የተዘጉ ፑል ሪኩዌስቶችን አንብቡ። ማን ቶሎ እንደሚመልስ፣ ማን በነጠላ ሰረዝ እንደሚጨቃጨቅ፣ ቦቱ መቼ እንደሚዘጋ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ነው፤ እኔ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ከመጀመሪያው ሁለተኛውን ሜንቴይነር እጠራ ነበር።

አራት ዓመት ክፍል ውስጥ ስለ ቴስት የተማርኩት ለፈተና የሚሸመደድ ትርጉም ነበር። አሁን የምሠራበት ድርጅት ለሥራ ሲጠራኝም ስለ ውጤቴ የጠየቀኝ የለም፤ ቃለ መጠይቁ በሙሉ ያለፈው ያንን የግምገማ ክርክር ስክሪን ላይ ከፍተን ነው። በዚያ ላይብረሪ ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠርን የሚነካ ለውጥ ሲመጣ ዛሬ የምገመግመው እኔ ነኝ፤ ቦቱ ግን አሁንም እንዳለ ነው፣ እንዲነሳ ያቀረብኩትን ሐሳብም ራሱ ቦቱ ዘግቶታል።