የቴሌቪዥን ክፍያ በየቤቱ፦ ተማኙ ማን ይሁን?

እያንዳንዱ ቤተሰብ ለሕዝብ ቴሌቪዥን በግዴታ ይክፈል ወይስ አይክፈል የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር ወሬው ወዲያው ስንት ብር ወደሚለው ያዘነብላል። እኔ ግን ክፍያውን የሚተምነው ማን ነው፣ ጣቢያውስ የሚታዘዘው ለማን ነው የሚሉት ጥያቄዎች መቅደም አለባቸው ባይ ነኝ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ ጣቢያው በመንግሥት እጅ ኖሯል፤ ባለ ቴሌቪዥኑ ዓመታዊ ክፍያ የተጠየቀበት ጊዜም ነበር። ዛሬ ኢቢሲ በአዋጅ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ይሁን እንጂ ተጠሪነት በሕግ መጻፉ ብቻውን የዜና ክፍሉን ከአስፈጻሚው ጫና አያድነውም።

በዚህ ረገድ የጀርመን አሠራር ልብ ሊባል ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እያንዳንዱ መኖሪያ ቤት፣ ቴሌቪዥን ኖረውም አልኖረውም፣ አንድ ክፍያ ይከፍላል። ጣቢያዎቹ የሚያስፈልጋቸውን ገንዘብ ያቀርባሉ፣ ራሱን የቻለ የባለሙያዎች ኮሚሽን ይመረምረዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ክልሎቹ የሚያጸድቁት። አንድ ክልል ጭማሪውን አላጸድቅም ባለ ጊዜ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2021 እምቢታው የብሮድካስት ነፃነትን ይጥሳል ብሎ ወርኃዊ ክፍያው ከ17.50 ወደ 18.36 ዩሮ ከፍ እንዲል ወሰነ። ፖለቲከኛ በዜና ተቆጥቶ ገንዘብ እንዳይከለክል የሚያደርግ አጥር ማለት ይህ ነው። ስዊዘርላንዶች እ.ኤ.አ. በ2018 ክፍያው ይቅር የሚለውን ሐሳብ በሕዝበ ውሳኔ 71.6 በመቶ ሆነው ውድቅ አደረጉት፤ ፈረንሳይ በአንጻሩ 138 ዩሮ የነበረውን ክፍያ በ2022 አስቀርታለች።

አሰባሰቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ 2,500 ዎን የሆነውን ክፍያ በ1994 ከመብራት ሂሳብ ጋር ማስከፈል ጀመረች፤ ለሰብሳቢው በእርግጥ ይቀልለዋል። እኔ የምኖርበት አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ግቢ ግን ባለ አንድ ቆጣሪ ነው። ወር ሲሞላ አከራያችን እማማ ሂሳቡን በቤት ቁጥር ያካፍሉና በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግረው ላይ ጨመር ያደርጋሉ፤ በፍሪጅ የተነሣ ያልተኳረፍንበት ወር ጥቂት ነው። በዚህ ላይ የቴሌቪዥን ክፍያ ቢደመር ስልኩ ላይ ብቻ የሚያየው ተማሪ ተከራይ ይከፍላል? በአንድ ቆጣሪ አንድ ጊዜ ቢባል አምስት ቤተሰብ የአንዱን ያህል ይከፍላል፤ ብቻዋን የምትኖር ጡረተኛ ግን ሙሉውን ትሸከማለች። ስለዚህ ቤተሰብን በቆጣሪ መቁጠር፣ ቢያንስ መሀል አዲስ አበባ ላይ፣ ፍትሐዊ አይሆንም።

ገንዘቡን የሚተምን ገለልተኛ አካል በአዋጅ ቢቋቋም፣ የጣቢያው ሂሳብም በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ ቢሆን፣ እኔ ሳላንገራግር እከፍላለሁ። የመንግሥትን ስብሰባና ጉብኝት ብቻ የሚያሳይ ጣቢያ ከሆነ ግን ከመደበኛው በጀት ይተዳደር፤ ለሕዝብ ግንኙነት ሥራ ቤተሰብን በተናጠል ማስከፈል አይገባም። በየትኛውም መንገድ ቢሆን በከተማ ሴፍቲኔት የታቀፉ ቤተሰቦች ነፃ ይደረጉ፤ ስማቸው በየወረዳው ተመዝግቦ ስላለ አዲስ ቆጠራ አያስፈልግም።