ስምንት ሰዓት ላይ እንገናኝ

ባለፈው ነሐሴ ባለቤቴን፣ ሁለት ልጆቻችንንና እማዬን ይዤ ዛንዚባር ሄድኩ። ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ግድ ነው፤ ክትባቱንም ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወጋት ያስፈልጋል። እሱን በጊዜው ጨርሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ነገር በልኩ አልሄደልኝም።

አውሮፕላን ውስጥ እማዬን "የእጅ ሰዓትሽን ወደ ፈረንጅ ቀይሪው" አልኳት። "ለአንድ ሳምንት ብዬ ሰዓቴን አላምሰውም" ብላ እምቢ አለች።

ያረፍነው ከደሴቱ በስተምሥራቅ፣ ጃምቢያኒ ነው። በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተነስተን ጆዛኒ ጫካ ልንሄድ ነው፤ ከዛንዚባር በቀር የትም የሌለውን ቀይ ጉሬዛ ለማየት። ሾፌሩ እንግሊዝኛ ብዙም ስለማይሆንለት በስዋሂሊ ልጻፍለት አልኩ። የኛ 2 የፈረንጅ 8 ነው። 8 በስዋሂሊ "ናኔ" ነው። "ሳአ ናኔ" ብዬ ላክሁ። "ሳዋ"፣ እሺ ብሎ መለሰልኝ። በራሴ ኮራሁ።

2 ሆነ፣ 3 ሆነ፣ ሰውየው የለም። ስልክ አያነሳም። ልጆቹ ሲነጫነጩብን "በቃ ባሕር እንውረድ" አልን። ብንወርድ ባሕሩም የለም! ሌሊቱን ደጃችንን ሲያንኳኳ ያደረው ውሃ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሸሽቶ አሸዋ ብቻ ቀርቷል። ትንሹ ልጄ "ማን ጠጣው?" አለ።

ጫማችንን አውልቀን ተከተልነው። መሀል ላይ ሴቶች ችካል ተክለው በገመድ ያሰሩትን የባሕር ቅጠል ይለቅማሉ። እማዬ ፍልሰታን ይዛለች፤ ጎመን አገኘች። "ይበላል?" ብላ በእጇ ወደ አፏ አሳየች። አንዷ ሳቀችና መዳፏን በመዳፏ አሻሸች። እማዬም "በደንብ እጠቢው ነው የምትለኝ" ብላ አንድ እፍኝ ሻሿ ውስጥ ቋጠረች። ሳሙና እንደሚሠሩበት የሰማነው ማታ ነው።

ጫማ ማውለቁ ሞኝነት ነበር። ጃርት የመሰለ እሾሃም ነገር ባለቤቴን ተረከዟ ላይ ወጋት። ውሃውም ሲመለስ ሹልክ ብሎ ነው፤ የልጆቹን ነጠላ ጫማ ይዞት ሄደ። የሚሸሽበትና የሚመለስበት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ከሄዳችሁ፣ ያረፋችሁበት ቤት ማታውኑ ጠይቁ።

እስከ ጉልበታችን ርሰን፣ ባዶ እግራችንን ስንመለስ ሾፌሩ መኪናውን ወልውሎ ደጅ ቆሟል። ልጮህበት ስል ስልኩን አውጥቶ መልእክቴን አሳየኝ። ሳአ ናኔ። ለካ የስዋሂሊ ሰዓት ቁርጥ የኛው ነው! እነሱም ከንጋት ነው የሚቆጥሩት። ቁጭ ብዬ ያን ሁሉ ሂሳብ የሠራሁት ከቀኑ 8 ሰዓት ና ለማለት ነው።

እማዬ ክንዷን ዘርግታ ሰዓቷን አሳየችው። ጎንበስ ብሎ አየና "ናኔ ካሚሊ" አላት፤ ልክ 8።

የቀሩትን ቀናት ቀጠሮ የምትይዝልን እሷ ነበረች።